አጎቴ ጦርነቱን ይመራ በነበረበት ጊዜ

አጎቴ ጄኔራል ስለመሆኑ እስከ ዘጠኝ ዓመቴ ድረስ ተጠራጥሬ አላውቅም።

ማስረጃ ሞልቶኝ ነበር። ሰፈርተኛው በሙሉ «ጄኔራል» ብሎ ነው የሚጠራው። ሱቁ ግድግዳ ላይ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ካርታ ተሰቅሏል፤ ካርታው ላይ ቀይና ሰማያዊ ራስ ያላቸው ስፒሎች ተሰክተዋል። ጠዋት ጠዋት ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ካዳመጠ በኋላ አንዱን ስፒል ነቅሎ ወደዚያ፣ ሌላውን ነቅሎ ወደዚህ ይሰካል። ምሳ ሰዓት ላይ ቤታችን ያለው ሬዲዮ «ጦራችን ወደዚያ ተንቀሳቅሷል» ሲል እሰማለሁ። ታዲያ ማን አንቀሳቀሰው? እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። በዚያ ላይ የሱቁን በር ገፍቶ የሚገባ ሰው ሁሉ ከሰላምታው አስቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው።

«ጄኔራል፣ መቼ ነው የሚያልቀው?»

እሱም መቀሱን አየር ላይ ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አድርጎ ቀን ይቆርጥለታል። «ሁለት ወር። ቢበዛ ሁለት ወር ተኩል።» ሰውየውም ወንበሩ ላይ ዘና ብሎ ይቀመጣል።

ነጭ ጋዎን መልበሱ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ማጅራት ሲላጭ መዋሉ ቅንጣት አላሳሰበኝም። ጄኔራልም ቢሆን በትርፍ ጊዜው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም ብዬ ነው። አንድ እግሩ ከሌላው ያጥራል፤ ሲራመድ ወደ ግራ ዘንበል ይላል። ግንባር ያልሄደው በዚያ እግሩ ምክንያት እንደሆነ ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን የአዛዦች አረማመድ እንደዚያ ስለመሰለኝ እኔም ወደ ግራ ዘንበል እያልኩ እለማመድ ነበር። እናቴ እሾህ የወጋኝ መስሏት ሁለት ጊዜ ጫማዬን አስወልቃ ፈትሻለች።

ካርታው የትምህርት ቤታችን ነው። የጂኦግራፊ መምህሩ ሲዘምት «እዚያ አይጥ ከሚበላው አንተ ጋ ይቀመጥ» ብሎ ጠቅልሎ ሰጠው። ስፒሎቹ ደግሞ የልብስ ሰፊዋ ናቸው። ልብስ ሰፊዋ ከአጎቴ ሱቅ ጋር አንድ ስስ የጣውላ ግድግዳ ትጋራለች፤ የስፌት መኪናዋን ስታሽከረክር የእኛ መስተዋት ይንቀጠቀጣል። ረጅም፣ ቀጭን፣ አፏ ሁልጊዜ በስፒል የተሞላ ሴት ነበረች፤ በዚህም የተነሳ ብዙ አትናገርም። አጎቴ ስፒል ሲያልቅበት እሷ ጋ ጎራ ብሎ ይበደራል። አንድ ስፒል ለመበደር አንዳንዴ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ደንበኛው ግማሽ ጢሙ ተላጭቶ፣ ግማሹ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ይጠብቀዋል። አጎቴ ሲመለስ ፊቱ በርቶ፣ እጁ ግን ባዶውን ነው።

«ስፒሉስ፣ ጋሼ?» እለዋለሁ።

«ኧረ እኔን! ረሳሁት እኮ» ይልና ተመልሶ ይሄዳል።

ጦርነት ይህን ያህል ስፒል የሚፈጅ ነገር መሆኑ ያስገርመኝ ነበር።

ጦርነቱ ሲጀመር የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ስለዚህ ያለ ጦርነት የነበረውን ዓለም አላስታውሰውም። የማስታውሰው «ጦርነቱ ሲያልቅ» የሚባለውን ነገር ነው። ጣሪያችን ያፈሳል፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ይጠገናል። የእናቴ መንጋጋ ጥርስ ጉንጯን አሳብጦታል፤ ጥርስ ሐኪሙ ወደ ግንባር ሆስፒታል ስለተወሰደ ጦርነቱ ሲያልቅ ይነቀላል። ጫማዬ ሲጠበኝ እናቴ አፍንጫውን በቢላ ቆርጣ ጣቶቼን ወደ ውጭ አስተነፈሰቻቸውና «አዲሱን ጦርነቱ ሲያልቅ» አለችኝ። አጎቴና ልብስ ሰፊዋ ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት ቀለበት አስረው ነበር፤ ሠርጉም ያው ጦርነቱ ሲያልቅ ነው። እኔ እንደ እሁድ ያለ የቀን ስም ይመስለኝ ነበር። አንድ ጠዋት እነቃለሁ፤ ዛሬ ምንድን ነው? ጦርነቱ ሲያልቅ ነው። ጫማዬ አልጋዬ ሥር፣ ጥርስ ሐኪሙ በር ላይ።

እናቴ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበረች። እጆቿ በበረኪና ነጥተው ጣቶቿ እንደ ወረቀት ይሻክሩ ነበር። አባቴን አላውቀውም፤ ሳልራመድ ነው የሞተው። ቤቱን የያዘችው እሷ ነች፣ እሷን የያዛት ደግሞ ታናሽ ወንድሟ፣ ማለትም ጄኔራሉ። አንድ ቀን እራት ላይ «ሦስት የነበሩት ክፍሎች ሰባት ሆኑ፤ አንሶላው አያልቅም» ስትለው ሰማሁና፣ ሆስፒታላችን እያደገ በመሄዱ ለጓደኞቼ ጉራዬን ነዛሁ።

ወንድሜ በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። አሥራ ስምንት ሲሞላ ወሰዱት። ስፒሉ ቢጫ ነበር፤ በካርታው ላይ ካሉት ሁሉ ቢጫ እሱ ብቻ ነው። እናቴ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከሥራዋ ስትወጣ በሱቁ በኩል ታልፋለች። ስትገባ መጀመሪያ ቢጫውን ስፒል ታያለች፤ ቀጥላ የአጎቴን ፊት ታያለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ቦርሳዋን የምታስቀምጠው። ቢጫው በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይንቀሳቀሳል። አጎቴ «ይኸውልሽ እታለም፣ ወደ ኋላ መልሰዋቸዋል፤ እዚህ ያርፋሉ» ይላታል፤ እሷም ትንፋሿን ታወጣለች።

ያኔ ከአጎቴ ጋር የሚከራከረው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ጡረተኛው ባቡር ነጂ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ጢሙን ሊላጭ ይመጣል፤ ጉንጩ በአረፋ ተሸፍኖ እንኳ አፉ አያርፍም።

«ክረምት ሳይገባ ያልቃል» አለ አጎቴ።

«የቱ ክረምት?»

«የዘንድሮው ነዋ!»

«አምናም የዘንድሮው ብለህ ነበር።»

«አምናማ ያኔ ዘንድሮ ነበር፣ አባባ።»

ሱቁ በሳቅ ተሞላ። ሽማግሌው ግን አልሳቀም። «ስማኝ ልጄ፤ እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመት ባቡር ነድቻለሁ። ባቡር ለማስነሳት አንድ ሰው ይበቃል። ለማቆም ግን ክብደቱን ማወቅ አለብህ፣ ቁልቁለቱን ማወቅ አለብህ፣ ፍሬኑ ይዞ እንደሆነ ማወቅ አለብህ። ይሄኛውን ያስነሱት ሰዎች ፍሬኑ የት እንዳለ የጠየቁም አይመስለኝ። እዚህም እዚያም ያሉት።»

«አባባ፣ ጉንጭዎን አያንቀሳቅሱ፤ ምላጭ ይዣለሁ» አለው አጎቴ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሽማግሌው የጠላት ሰላይ መሆኑን የዚያን ዕለት አረጋገጥኩ። ለሁለት ሳምንት ከሱቁ ሲወጣ እየተከተልኩ የት እንደሚገባ ሰለልኩት። ዳቦ ቤት ነበር የሚገባው። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ አብሬው ቆሜ እንድሰለፍለት ለመነኝና የስለላ ሥራዬ እዚያ ላይ አበቃ።

ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ትዕግሥቴ አለቀ። ጫማዬ የፊቱም የኋላውም ተቆርጦ ማሰሪያ ብቻ ቀርቶት ነበር። ትምህርት ቤታችን ሦስት ፈረቃ ሆኖ፣ አንዲት መምህርት ሦስት ክፍል በአንድ ጊዜ ታስተምረን ነበር፤ እኛን ሒሳብ አስይዛ፣ ትልልቆቹን ንባብ አስጀምራ፣ ትንንሾቹን «ዝም በሉ» እያለች። ሰው በሌለበት ሰዓት ወደ አጎቴ ሱቅ ገባሁ።

«ጋሼ፣ ጦርነቱን ለምን አትጨርሰውም?»

መስተዋት እየወለወለ ነበር። በመስተዋቱ ውስጥ አየኝና ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠ። «ይኸውልሽ የኔ እመቤት፣ መጨረሱንስ እጨርሰው ነበር፤ ሰው አነሰኝ።»

«ስንት ሰው?»

«ኧረ ብዙ ነው።»

ቀልዱ ነው። ለቀልዱ እንዴት ዋጋ እንደከፈለ በኋላ እነግራችኋለሁ፤ እኔ ግን ልቤ አረፈ። ችግሩ የሰው ማነስ ብቻ ከሆነ ሰው ሞልቷል።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የጭነት መኪና ሱቁ በር ላይ ቆመ። አንድ ወታደር ወርዶ «ፀጉር አስተካካዩ የታለ?» አለ። አጎቴን ቶንዶሱንና መቀሱን አስይዘው ወደ ኳስ ሜዳው ወሰዱት። ሁለት ቀን እዚያ ዋለ። አዲስ የተመለመሉትን ልጆች ሲላጭ ነው የዋለው፤ አራት መቶ ራስ ነው አሉ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ጫማው፣ ሱሪው፣ ቅንድቡ ሳይቀር በፀጉር ተሸፍኖ ነበር። እናቴ ውሃ አቀረበችለት። አልታጠበም። ቀኝ እጁ ቶንዶሱን እንደጨበጠ ደርቆ ጣቶቹ አልዘረጋ ብለውት፣ አንድ በአንድ በግራ እጁ ያቃናቸው ነበር።

«ግማሾቹን የመጀመሪያ ፀጉራቸውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ እታለም» አላት። «ወንበሩ ላይ ሳንቃ አጋድሜ፣ እዚያ ላይ አስቀምጬ። አንዱ ምን ይለኛል፣ ‹ጋሼ ቀስ በል፣ ጆሮዬን እንዳትቆርጠው።› ስድስት ዓመቱ እያለ የሚለኝን እኮ ነው። ቃል በቃል።»

እናቴ ውሃውን ወደ እሱ አስጠጋችለት። እኔ ግን ይህን ታላቅ ቀን እንዲሁ ማሳለፍ አልፈለግሁም። ፊቱ ሄጄ ቆምኩና እጄን ዘረጋሁለት።

«እንኳን ደስ ያለህ ጋሼ! አሁን ሰው አገኘህ አይደል?»

የተዘረጋውን እጄን አየው። እኔን አየኝ። ብዙ ቆይቶ እጄን ጨበጠ፤ እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ሂጂ ወደ ውጭ» አለችኝ፤ እሱም ተነስቶ፣ ፀጉሩን ሳያራግፍ፣ ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄደ። ስፒል ሊበደር አልነበረም። የስፌት መኪናዋ ቆመ፤ እስኪመሽም አልተመለሰም። እኔ የድል ዕቅድ እየነደፉ መስሎኝ ከደጃፉ አካባቢ ሌሎች ልጆችን አባረርኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ አጎቴ ቀን መቁረጥ ተወ። ሰዎች «ጄኔራል፣ መቼ ነው?» ሲሉት «ላሳጥረው ወይስ ልላጨው?» ብሎ ይመልሳል። ደንበኛውም እየሳሳ ነበር። የሚላጭ ጎረምሳ ከከተማው ጠፍቷል፤ የቀሩት ራሰ በራዎችና ትንንሽ ልጆች ናቸው። ምላጭ ጠፋ፤ አሮጌውን በብርጭቆ ውስጠኛ ጎን እየሳለ ይጠቀም ነበር። ሳሙና ጠፋ። ሽማግሌው ባቡር ነጂ «በእንባህ አርሰህ ላጨኝ እንግዲህ» ይለው ነበር። ቀን የሚቆርጥላት ሰው እናቴ ብቻ ነበረች። ለሷ አሥር ሰዓት ሲሆን «ሦስት ወር፣ እታለም» ይላታል። «ይሄ የመጨረሻው ነው ይላሉ።»

እኔ ይህን እንደ ስንፍና ነበር የቆጠርኩት። አራት መቶ ሰው ተሰጥቶት ጦርነቱን አለመጨረሱ አናደደኝ። የባሰው ነገር የሆነው አንድ ሐሙስ ነው። ሬዲዮው ከሰዓት በኋላ «በወንዙ መታጠፊያ ከባድ ውጊያ» አለ። ቢጫው ስፒል ያለው በወንዙ መታጠፊያ ነው። አጎቴ ካርታው ፊት ቆሞ እጁን ወደ ስፒሉ ላከ፤ መለሰ፤ እንደገና ላከ፤ መለሰ። ከዚያ ምንም ሳይነካ ወደ ጎረቤት ሄደ።

ዛሬ ይገባኛል። ስፒሉን ከውጊያው ቢያሸሸው እናቴ ትነቃለች ብሎ ፈርቶ ነው። ያኔ ግን ወንድሜን እሳት ውስጥ ትቶት የሄደ ነው የመሰለኝ። ስለዚህ አዛዥ መሆን የኔ ተራ ሆነ። ወንበሩ ላይ ወጣሁ፤ ወንበሩ ዞረብኝ፤ ግድግዳውን ይዤ ቢጫውን ነቀልኩና ወደ እኛ ከተማ አመጣሁት። ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ቤታችን ሊሆን ይችላል ብዬ በገመትኩት ቦታ፣ እስከ ራሱ ድረስ ተጭኜ ሰካሁት። ከዚያ ደንበኞች ኮታቸውን ከሚሰቅሉበት በር ኋላ ተደብቄ የሚሆነውን ጠበቅሁ። ወንድሜ በየትኛው በር እንደሚገባ ነበር የማስበው።

የገባችው እናቴ ናት፤ አሥር ሰዓት ሆኗል። እንደ ወትሮዋ መጀመሪያ ካርታውን አየች። ወንዙ መታጠፊያ ላይ ከትንሽ ቀዳዳ በስተቀር ምንም የለም። ቦርሳዋን አላስቀመጠችም። ሄዳ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ሊላጭ እንደመጣ ሰው ቀጥ ብላ፣ ፊቷን ወደ መስተዋቱ አድርጋ። አጎቴ ከጎረቤት ተመልሶ ሲገባ ያገኛት እንደዚያ ነው።

«መቼ ሰማህ?» አለችው በመስተዋቱ ውስጥ።

«ምኑን?»

«አትደብቀኝ። መቼ ሰማህ?»

ዓይኗን ተከትሎ ካርታውን አየ። ቀዳዳውን አየ። ፊቱ ጋዎኑን መሰለ። እሱ ስፒሉን አልነካውም፤ ስለዚህ ያሰበው ሌላ ነገር ነው። ከዓመታት በኋላ እንደነገረኝ፣ ፖስተኛው መርዶውን ይዞ መጥቶ እሱን አጥቶ፣ በቃል ለመንገር ድፍረት ስላጣ ስፒሉን ነቅሎ የሄደ መሰለው። አፉን ከፍቶ ዘጋ። ለእናቴ ዝምታው በቂ መልስ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ የስፌት መኪናው ቆመ።

እኔ የተጣሉት ስፒል ስለተሰረቀ መስሎኝ ከኮቶቹ መሃል ወጣሁ። «እኔ ነኝ የወሰድኩት! ግን አልሰረቅኩም።»

ሁለቱም ዞሩ።

«ምኑን ነው የወሰድሽው?» አለ አጎቴ፣ ድምፁ ተሰንጥቆ።

«ወንድሜን። ቤት ነው ያመጣሁት። ያውላችሁ!»

እናቴ ከወንበሩ ተነስታ ወደ ካርታው ሄደች። በጣቷ ባቡር ጣቢያውን ፈለገች፣ ቢጫውን ራስ ነካችው። ከዚያ ሳቀች። ሳቋ አልቆም አለ፤ መሃል ላይ ሌላ ነገር ሆነና መሬት ላይ፣ ተጠርጎ በተከመረው ፀጉር አጠገብ ቁጭ አለች። የምትስቀው ጎበዝ ስለሆንኩ ነበር የመሰለኝ፤ የምታለቅሰው ደግሞ ጥርሷን አሟት። አጎቴ አጠገቧ ተንበረከከ።

«እታለም፣ ልንገርሽ። ደብዳቤ ከመጣ አምስት ወር ሆኖታል። የት እንዳለ አላውቅም። ያንን ስፒል የማንቀሳቅሰው እኔው ከልቤ አመንጭቼ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች እናቴ አፍንጫዋን በፎጣው እየጠረገች። «አንተ ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል። ከልጅነትህ ጀምሮ።»

«ታዲያ በየቀኑ ለምን ትመጫለሽ?»

«ውሸትህን ልሰማ ነዋ!» አለችው። «እውነቱንማ ቀኑን ሙሉ ሳጥበው ነው የምውለው።»

አንሶላዎቹን ማለቷ እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ሲወጡ አጎቴ ስፒሉን ሊመልሰው እጁን ዘረጋ፤ እናቴ እጁን መታችው። «ተወው። እዚያው ይሁን።» ጄኔራሉ ትዕዛዜን ያጸደቀልኝ ስለመሰለኝ፣ ወደ ቤት ስንሄድ ወደ ግራ ዘንበል ብዬ ተራመድኩ።

ወንድሜ በሦስተኛው ወር መጣ። አንድ ማለዳ በባቡር፣ ከሌሎች ቁስለኞች ጋር። መሣሪያ አጠገቡ ፈንድቶ የግራ ጆሮው ደንቁሯል፤ ፊቱ ላይ እንደ ኩፍኝ የተበታተኑ ጥቁር ነጥቦች አሉ። ከዚያ በቀር እጁም እግሩም ሙሉ ነው። እናቴ እንደ ሕፃን ጣቶቹን ቆጠረቻቸው። እኔን ማንም አላመሰገነኝም፤ ቢሆንም ትምህርት ቤት ሄጄ ማን እንዳመጣው ተናገርኩ። ሁለት የክፍሌ ልጆች የየራሳቸውን ስፒል ይዘው መጡና አባቶቻቸውን እንዳመጣላቸው ለመኑኝ። አጎቴ ምሳ ሲበላ ሁለቱንም ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሰካሁላቸው። የአንዱ አባት ከርሞም ቢሆን መጣ። የሌላዋ አልመጣም። ልጅቷ እስከ ስድስተኛ ክፍል አላናገረችኝም፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።

ወንድሜ ከመጣ በሁለተኛው ሳምንት ፀጉሩን ሊቆረጥ ሱቁ ገባ። ሱቁ ሞላ። ከግንባር የመጣ ሰው ስለሆነ ሁሉም ሊጠይቀው ቸኩሏል። የቀደመው ባቡር ነጂው ነው።

«እስቲ አንተ ከቦታው መጥተሃል። መቼ ነው የሚያልቀው?»

ወንድሜ ደህነኛውን ጆሮውን አዞረለት። ጥያቄውን ሲሰማ ግራ ገባው። «ኧረ አባባ፣ እኛ እዚያ ሆነን ‹ከኋላ ያሉት ያውቁ ይሆናል› እንል ነበር እኮ። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር እሱን ነበር የምንፈልገው።»

 አጎቴ መቀሱን ቀጭ ቀጭ አደረገ፤ ምንም ቀን ግን አልቆረጠም። ወንድሜ በመስተዋቱ ውስጥ አየው።

«ጋሼ፣ ለመሆኑ አንተ እስካሁን አላገባህም?»

«ጦርነቱ ሲያልቅ ነው» አለ አጎቴ በለሆሳስ። የቆመው ግን በደንቆሮው ጆሮ በኩል ነበር።

«ምን አልከኝ?»

«ጦርነቱ ሲያልቅ!»

«ኧ?»

«ጦርነቱ ሲያልቅ ነው የማገባት አልኩህ!» ብሎ አጎቴ ጮኸ፤ መስተዋቱ እስኪነዝር ድረስ።

ከስሱ ግድግዳ ወዲያ የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። ከዚያ፣ ምናልባትም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ፣ ልብስ ሰፊዋ ጮኸች።

«የኔ ዕድሜ ግን ጦርነቱ እስኪያልቅ አይጠብቅህም!»

ባቡር ነጂው ሳል አስመስሎ ሳቀ። አጎቴ ቶንዶሱን ወንድሜ እጅ ላይ አስቀመጠና፣ ግማሽ ራሱን ቆርጦ ግማሹን እንደተወው፣ እያነከሰ ወጣ። እኛ ሁላችንም ጆሯችንን ጣውላው ላይ ለጠፍን፤ ወንድሜ ደህነኛውን። ለብዙ ጊዜ ምንም አልተሰማም። ከዚያ እሷ «ሐሙስ ይመቸኛል» ስትል ሰማን።

ባለፈው ዓመት ልብስ ሰፊዋን ሄጄ ጠይቄያት ነበር። ሰባ ስድስት ሞልቷታል፤ አጎቴን ከቀበርነው አራት ዓመት ሆኖናል። ያለፉት የመጠበቅ ዓመታት ይቆጯት እንደሆነ ጠየቅኋት። መርፌዋን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ ክሩን እያስገባች መለሰችልኝ። «ጦርነቱ የወሰደውን ወሰደ፤ እሱን ማን ይከለክለዋል። የሚያንገበግበኝ፣ ያልጠየቀኝን ጨምሬ መስጠቴ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ላይ ቀለበት አሰርኩ፤ ሠላሳ ስድስት እስኪሆነኝ ስፒል አበድራለሁ!» ልጅ አልወለዱም። ይህን አላለችም፤ አንሶላ በተዘረጋበት ትንሽ የልጅ አልጋ ላይ የተከመረውን የሰው ልብስ ግን ሁለታችንም አየነው።

ጦርነቱ ከዚያ የሠርግ ሐሙስ በኋላ አራት ዓመት ከሁለት ወር ቆየ።

ማዘጋጃ ቤት የሄድነው በእግራችን ነው፤ አውቶቡስ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለነበር። ጸሐፊው መነጽሩን አስተካክሎ መዝገቡን ከፈተና «የባል ሥራ?» አለ። እኔ ደረቴን ነፋሁ።

«ፀጉር አስተካካይ» አለ አጎቴ።

ጸሐፊው ጻፈ። አጎቴ ያርመዋል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አላረመም። እናቴን አየኋት፣ ወንድሜን አየሁት፤ ሁሉም እንዲህ ያለውን ነገር ሲያውቁት እንደኖሩ ሰዎች ቀጥ ብለው ቆመዋል። በዘጠኝ ዓመት ዕድሜዬ፣ ቀለም በሚሸት ቢሮ ውስጥ፣ ጦርነቱን የሚመራው ሰው አጎቴ አለመሆኑ ገባኝ። ታዲያ ማን ነው የሚመራው ብዬ ልጠይቅ ነበር፤ ፈርመው ተነሱና ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ገፍተን ጨፈርን። ሙዚቃው ከሬዲዮው ነው፤ ዜና ሲመጣ ባቡር ነጂው ድምፁን ይቀንሳል፣ ሲያልፍ ይጨምራል። ሙሽራዋ ከመጋረጃ የሰፋችውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። ወንድሜ ዘፈኑን በግማሽ ጆሮ ስለሚሰማ ከምቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር የሚጨፍረው፤ እጁን የሚያነሳው ሌላው ሰው ሲያወርድ ነው። አንዳንዱ ሰው ፊቱን አዞረ። እናቴ ፊት ለፊቱ ቆማ በእጇ እያጨበጨበች ምቱን ልታስይዘው ሞከረች፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። አልሆነም። እሱም አላወቀም፤ ዓይኑን ጨፍኖ እየሳቀ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ማጨብጨቡን ተወችው። የበረኪና እጆቿን ትከሻው ላይ አሳረፈችና፣ ዘፈኑን ለሌሎቹ ትታ፣ እሱ በሄደበት ምት ትሄድ ጀመር።